ደራሲው ይጠየቅ

ጥቅምት 3

ለታናሼ ለአራሚው፤

እንዴት ሰነበትክ? ልጆቹስ? የሚስትህ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስታነብ ቀይ እስክሪብቶህን አንስተህ «እትዬ፣ ደኅና በኅ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አትድከም። በየትኛውም ህ ብጽፈው ያው ነው፣ ደህና አይደለሁም።

ፊደልሽ ምነው ተንቀጠቀጠ ላልከኝ፣ እጄ ነው። እስከ ዛሬ ሳልነግርህ የቆየሁት ሩቅ ሆነህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነበርና ይቅርታህን እለምናለሁ። ቀለም ቀቢው ባለቤቴ ሲሞት ለእንቅልፍ ብለው አንዲት ነጭ ኪኒን ሰጡኝ። እሷን መውሰድ ከጀመርኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚጎትተኝ ነገር መጣ፤ ለእሱ ቢጫዋ ተጨመረች። ቢጫዋ እጄን አንቀጠቀጠችው፤ ለእጄ ሰማያዊዋ መጣች። ሰማያዊዋ ደግሞ አፌን ታደርቀዋለች። አንዷ እንግዳ ሌላዋን እየጠራች ይኸው ስድስት አመት ቤቴ ሞልቶ አለ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የምላሴን ነገር ነው። ሃያ ሁለት አመት ሻይ ቀማሽ ሆኜ፣ በቀን መቶ ኩባያ ፉት እያልኩ እየተፋሁ፣ ቅጠሉ ከዝናቡ በፊት ተለቅሞ ይሁን ከዝናቡ በኋላ በምላሴ ጫፍ እለይ ነበር። አሁን ሁሉም ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ባለፈው ወር ሶስት ጥሩ ጭነት ብረት ብረት ይላል ብዬ መዝገቡ ላይ በቀይ ክብ አደረግሁባቸው። በእኛ ፋብሪካ ቀይ ክብ የገባበት ጭነት አለቀለት፤ ከግቢ ይወጣል እንጂ ማንም ዳግም አይቀምሰውም። ሌሎች ቀማሾች ባይደርሱልኝ ኖሮ ፋብሪካውን ጉድ ሰርቼው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እስከ አዲሱ ቅጠል እጠብቅሻለሁ፣ ምላስሽ ካልተመለሰ ግን ካርቶን ላይ ወረቀት ወደሚለጠፍበት ክፍል ትሄጃለሽ አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እያፈረ ነው የነገረኝ።

የምወስደውን እንድታየው የክሊኒክ ካርዴን እንዳለ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። አንተም ፊደል እንጂ መድሀኒት አታውቅም፤ ግን ከእኔ የተሻልክ አንባቢ ነህ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። መጀመሪያ ክሊኒክ የሄድኩት እንዴት እንደሆነ ትዝ ይልሃል? ያኔ እዚህ ነበርክ። እኔ ከቀብሩ በኋላ ያለውን አንድም ቀን አላስታውስም።

እህትህ


ጥቅምት 17

እትዬ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ሦስተኛ እርማት ላይ አቀርቅሬ ነው። የማተሚያ ቤቱ ማሽን እኔን ይጠብቃል፤ የእርሳስ ፊደል የሚደረድረው ፊደል ለቃሚ በራፌ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ልቆጣሽ ነበር፤ ተውኩት። ታሞ መደበቅ ከእናታችን የወረስነው ብቸኛ ንብረት ነው።

ካርድሽን እንደ ሥራዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ለሐሳቡ፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። ነገሩን ያየሁት ከታች ወደ ላይ ሳነብ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ነጯ «ለ14 ቀን» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ይቀጥል። ይቀጥል። ቆጠርኩት፤ ሃምሳ ሦስት ጊዜ። ፊርማው የአምስት ሐኪም ነው ብለሽ ከጎኑ ጽፈሻል። አምስቱም ከላይ ያለውን መስመር እያዩ ነው የጻፉት። ይህን ዓይነት ስሕተት አውቀዋለሁ። አንድ የሒሳብ መጽሐፋችን ላይ ሰባት መሆን የነበረበት ዘጠኝ አራት እትም ሙሉ ኖሯል፤ እያንዳንዱ አራሚ የፊተኛው አይቶታል ብሎ ስላመነ። አንዳችንም ክፉ ሰው አልነበርንም፤ ቸኩለን ነው።

ግልባጩን መልሼልሻለሁ። ሦስቱም መድኃኒቶች ላይ (በኃ ነው፤ ይህንንስ አልተውልሽም) በቀይ ክብ አድርጌባቸዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚሠራውን ታውቂያለሽ፤ ሳትዘገዪ አድርጊው።

የመጀመሪያውን ቀን ለጠየቅሽኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነው እኮ። ብዙ ሰው ይገባ ይወጣ ነበር፤ በደንብ ትዝ አይለኝም። ይኸው ፊደል ለቃሚው በሩን አንኳኳ።

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ታናሼ፤

ክብህን ሳይ ሳቄ መጣ። ስንቱን ጭነት ክብ ሳደርግበት የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ካርድ ላይ ክብ ለማድረግ አንተን መጠበቄ።

ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ሶስቱንም ከነጠርሙሳቸው ከቤት አስወጣኋቸው፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ሀኪም ሳትጠይቂ?» አለችኝ። ወንድሜ ከሀኪሞቹ የበለጠ አንብቦታል አልኳትና አፏን አስያዝኳት።

እንቅልፌ፣ አልዋሽህም፣ ጠፍቷል። ላብ ላብ ይለኛል። ድምፅ ሁሉ ይጮህብኛል፤ ኩባያ ከኩባያ ሲነካካ ጥርሴን ያመኛል። ያልፋል። ግን ትናንት፣ ወደ ስልሳኛው ኩባያ ላይ ይመስለኛል፣ ለአንድ አፍታ የሻይ ጣዕም መጣና ሄደ። ማንኪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ብቻ ነው።

ልጆቹን ሳምልኝ። ምላሴን መልሰህልኛልና እግዜር ይስጥህ።

እህትህ


ኅዳር 9

እትዬ፤

ሰላምታውን ዝለዪው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ፋብሪካው ስልክ ደወልኩ፤ ዛሬ አልገባችም ብለው ዘጉት።

በማተሚያ ቤት ቀይ ክብ ማለት ጣይው ማለት አይደለም። የሚጣለውን በመስመር ነው የምንሰርዘው። ክብ ማለት ደራሲው ይጠየቅ ማለት ነው። አራሚ ሥልጣኑ ያልሆነ ነገር ሲያጋጥመው ክብ አድርጎ ለጻፈው ሰው ይመልሳል እንጂ በገዛ እጁ አይነካውም። እኔ ያልኩሽ ሐኪሞቹን ጠይቂያቸው ነው። አላልኩሽም ግን፤ እንዳልኩሽ ነው የቆጠርኩት። ዓለም ሁሉ የማተሚያ ቤት ቋንቋ የሚያውቅ ይመስለኛል። አንቺ ግን የእናንተ ክብ ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ በግልጽ ጽፈሽልኝ ነበር። አንብቤው አልፌዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆኜ።

ከማተሚያ ቤታችን ማዶ ያለችውን የመድኃኒት ቤት ሴትዮ ጠየቅኳት። ነጯን ያን ያህል ዓመት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፣ በሐኪም እየታየ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀነሰው አለችኝ። መድኃኒት ሁሉ ጠላት ነው አላልኩሽም እኮ። ፊደል ለቃሚያችን ሁለት ዓመት ከአልጋ ሳይነሣ ኖሮ ወደ ሥራውና ወደ ልጆቹ የተመለሰው በአንዲት ኪኒን ነው፤ ዛሬም በእሷ ነው የቆመው።

ይህ በደረሰሽ ሰዓት ተነሥተሽ ክሊኒክ ሂጂ። አቆምኩ በያቸው፤ ምንም አትደብቂ። እባክሽ እትዬ።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ታናሼ፤

የእጅ ጽሕፈቱ ስላማረ አትደንግጥ፤ የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። የምላትን ብቻ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። (አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። — ልብስ ሰፊዋ።)

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ እኔ ግን ቀድሜው ሆስፒታል ደርሼ ነበር። የመቅመሻው ጠረጴዛ ላይ ስወድቅ የተሰበሩት ኩባያዎች አስራ ሁለት ናቸው አሉ። አምስተኛውን ኩባያ ሳነሳ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ የሆስፒታሉ ጣሪያ ነው። በመሀል ያለውን ያዩት ይወቁት። ምላሴን ነክሻለሁ፤ ድሮስ ከምላሴ ሌላ ምን አጣሁ? ግንባሬ ላይ አራት ስፌት አለ። (አምስት ነው። ስፌት መቁጠሩን ለእኔ ይተዉልኝ።) አሁን ቤቴ ነኝ። ልምጣ እንዳትል፤ የልጆቹ ፈተና ይለፍ።

አንዲት የክሊኒኩ ወጣት ሀኪም ይዛኛለች። ሶስቱንም መልሳ አስጀመረችኝ፤ እንዳይከፋህ፣ ለማረፊያ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያልን እንወርዳለን ብላኛለች። ስለ ክብህ ነገርኳት። ትስቅብሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀችም። ካርዱን ከፍታ ሁለት «ይቀጥል» አሳየችኝ፤ ፊርማው የራሷ ነው። «በቀን ስልሳ ሰው አያለሁ» አለችኝ። «ይቀጥል ብሎ መጻፍ አንድ ቃል ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ ግን ግማሽ ሰአት ይፈልጋል። ግማሹን ሰአት አልሰጠሁሽም፤ ይቅርታ።» ሀኪም ይቅርታ ሲል በእድሜዬ ገና መስማቴ ነው።

ከዚያ ወንድምሽ ልክ ነው፣ ደራሲው ይጠየቅ አለች። የመጀመሪያውን መስመር የጻፉት ሽበታሙ ሀኪም ከሞቱ ሶስት አመት ሆኗቸዋል። ዋናውን ካርድ ከመዝገብ ቤት አስወጣችው። እኔ እጅ የነበረው የፊቱ ግልባጭ ብቻ ነው፤ በዋናው ጀርባ ላይ ግን በእሳቸው እጅ እንዲህ ተጽፏል፤ «ሀዘን ነው። በቤተሰብ ጥያቄ።»

ታናሼ፣ ባለቤቴ ዘመድ አልነበረውም። ያኔ እዚህ የነበርክ ቤተሰቤ አንተ ብቻ ነህ። ባለፈው ጠይቄህ ትዝ አይለኝም ብለኸኛል። ይኸው እንደገና ጠየቅሁህ።

እህትህ

(ይህን ስታስጽፈኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ መርፌዬ የጠፋኝ። ወንድሜ፣ እውነቱን ይጻፉላት። እሷ ያልቻለችው ነገር የለም።)


ታኅሣሥ 8

እትዬ፤

ትዝ አይለኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እያንዳንዷን ደቂቃ አስታውሳለሁ።

ከቀብሩ አሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ለሁለታችን ቀርቷል። አንቺ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ባልሽ ጋሼ ቀብቶ ባልጨረሰው ግድግዳ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ። ጠዋት ስነሣ ታለቅሻለሽ፤ ምግብ ሳቀርብልሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ። እናታችን የሞተች ዕለት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን ደፍኜ ያገኘሽኝ አንቺው ነሽ። የማግስቱ የባቡር ትኬት ኪሴ ውስጥ ነበር። እንደዚያ ሆነሽ ትቼሽ መሄድ አልቻልኩም፤ ቀርቼም ለቅሶሽን መስማት አልቻልኩም። ስለዚህ ክንድሽን ይዤ ክሊኒክ ወሰድኩሽ። ወዴት ነው ብለሽ እንኳን አልጠየቅሽኝም።

ሽበታሙ ሐኪም ካዩሽ በኋላ አንቺን ውጭ አስቀምጠው እኔን ብቻዬን አስገቡኝ። «ልጄ፣ ይህ በሽታ አይደለም» አሉኝ። «ባሏ ሞቶባታል፤ ታልቅስ። አንተ አጠገቧ ተቀመጥ። ሌላ መድኃኒት የላትም።» እኔ አሻፈረኝ አልኩ። አትተኛም፣ አትበላም፣ አንድ ነገር ሳይሰጧት ከዚህ አልወጣም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በሩ ላይ ወረፋው ረዝሟል። በመጨረሻ ብዕራቸውን አነሡ። ለአሥራ አራት ቀን ብቻ ነው፣ በአሥራ አራተኛው ቀን መልሰህ አምጣልኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በማግስቱ ባቡር ላይ ነበርኩ።

መልሶ የሚያመጣሽ ሰው እኔ ነበርኩ እትዬ። ቤቴ ገባሁና ረሳሁት። ደብዳቤ ስትጽፊልኝ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ፣ ደኅና በኅ ነው ብዬ እመልስልሻለሁ። ስድስት ዓመት ቃሉን አረምኩልሽ፤ ነገሩን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ሐኪሞችን ልከስስ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ።

ደራሲው እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ መልሼ አላነብበውም፤ ካነበብኩት አሳምረዋለሁ። እንዳለ ይሂድ።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ታናሼ፤

ዘገየሁብህ። እንዴት ነሽ ብለህ በሶስት ደብዳቤ ለጠየቅከኝ፣ ገና ደህና አይደለሁም። ስሆን በኅ እጽፍልሃለሁ።

ተቆጥተሻል ወይ ላልከኝም፣ አዎ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤህን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቼ ከአይኔ ሰውሪልኝ አልኳት፤ በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎች ጋር ከተተችው። ሃያ ሁለት አመት የለፋሁበትን ምላስ፣ ስድስት አመቴን፣ ለአንድ ባቡር ትኬት ሰጠኸው ብዬ ብቻዬን ስሰድብህ ነበር። የሰደብኩህን አልጽፍልህም፤ አራሚ ቢያየው ሁሉንም ይሰርዘዋል። ከዚያ በኋላ የዘገየሁት ግን በራሴ እጅ ልጽፍልህ ብዬ ነው። ፊደሌን እይ። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይነበባል።

ነጯ አሁን ሩብ ደርሳለች። ልብስ ሰፊዋ ናት በምላጭ የምትቆርጥልኝ፤ ሰው አታስነካም። በጥር ወር አንዴ ፈጥነን ስንወርድ በጣም ታመምኩና አንድ ደረጃ ተመለስን። ሰማያዊዋን ዶክተሯ አስቁማኛለች። ቢጫዋን ግን አልነካቻትም፤ ትጠቅምሽ አትጠቅምሽ ገና አላወቅንም፣ ነጯ ስታልቅ ተቀምጠን እናያለን ብላኛለች። ስትጽፍ አየኋት። «ይቀጥል» ብላ ጀመረች፣ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ «እስከ ሚያዝያ፤ ከዚያ ትጠየቅ» ብላ ጨመረችበት።

ስራ ለጠየቅከኝ፣ ወረቀት ለጣፊ ነኝ። አዲሱ ቅጠል ገብቷል፣ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ግን ኃላፊው ጠርቶ ስድስት ኩባያ አስቀመጠልኝ። አራቱን አወቅሁ። ለጀማሪ ጥሩ ነው አለኝ። አሮጊት ጀማሪ ሆኜ ሳቅሁና ወጣሁ። ሌላ ወር ልሞክርሽ ብሏል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ፉት ስል ቅጠሉ ከዝናቡ በፊት የተለቀመ እንደሆነ አወቅሁት። በደንብ አወቅሁት። ማንኛችሁም ሳትነግሩኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ግድግዳው ታየኝ፤ ባለቤቴ አንድ እጅ ቀብቶ ሁለተኛውን ሳይደርብ የሞተበት። ያን ቀን ቀለሙን ወደድሽው ወይ ብሎኝ፣ የታማሚ ፊት ይመስላል ብዬው ነበር። ስቆ፣ ይድረቅና ታያለሽ አለኝ። ስድስት አመት በየቀኑ በእሱ በኩል አልፌ አንድ ቀን አላየሁትም። ደርቆ ቆንጆ ሆኗል። ኩባያውን አስቀምጬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለዚያ ሰው አንድ ለቅሶ እዳ ነበረብኝ፤ በኪኒን ተኝቼበት ከረምኩ።

ልብስ ሰፊዋ ድምፄን ሰምታ መጣች። የሰው ሸሚዝ እንደያዘች አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋ ጀመር። አራት ቀዳዳ እስክትጨርስ አለቀስኩ። ከዚያ ሻይ አፈላን። ሽበታሙ ሀኪም እውነታቸውን ነበር።

ደብዳቤህን መልሼ ልኬልሃለሁ። ሁለት ቦታ ላይ በቀይ ክብ አድርጌበታለሁ፤ ያለፈው እንዳይደገም ትርጉሙን ልጻፍልህ። «ይቅር በይኝ» ያልክበት ላይ ያለው ክብ በእኔ ሙያ ነው። ከግቢ ወጥቷል፤ ማንም ዳግም አይቀምሰውም። «ለቅሶሽን መስማት አልቻልኩም» ያልክበት ላይ ያለው ግን በአንተ ሙያ ነው።

የእሱን መልስ በደብዳቤ አልቀበልም። አንዳንድ ጠዋት አሁንም አለቅሳለሁ፤ አልጨረስኩም። ና፣ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ምንም ይዘህ አትምጣ። የመመለሻ ትኬት ብቻ እንዳትቆርጥ።

እህትህ